በቃኝ እስኪል

እኛ የዥዋዥዌ ሰዎች ነበርን። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ ይሳቅ። ሰው ኳስ ይወዳል፣ ካርታ ይጫወታል፣ ጠጅ ቤት ይውላል፤ የእኛ ልክፍት ይህ ነበር። ልጆች ጓሮ ውስጥ የሚንጠለጠሉበትን ማለቴ አይደለም። በጋሞ ደጋ በመስቀል ሰሞን ከትልቅ ዛፍ ላይ የሚሰቀለውን፣ ዐዋቂ ሰው ቆሞ የሚሳፈርበትን፣ ወደ ፊት ሲወረወር መሬቱ ከእግር በታች ገደል ሆኖ የሚጠፋበትን ነው የምለው። መስቀል በመጣ ቁጥር አራት ሆነን ከአርባ ምንጭ እንወጣና መንደር ለመንደር እየዞርን የየአገሩን ዥዋዥዌ እንሞክራለን። ከዚያ ቆላ እንመለስና እስከ ሌላው መስቀል ድረስ ያንኑ ስናወራ እንከርማለን።

እኔ ጫኖ ባለ የፍራፍሬ እርሻ መጋዘን ውስጥ ሙዝ እየመዘንኩ የምረከብ ሠራተኛ ነበርኩ። ሁለተኛዋ የመንደሬ ልጅ ናት፤ ከጫሞ ዳር ዓሣ ተረክባ አርባ ምንጭ ገበያ የምትሸጥ፣ ምላሷ ከቢላዋዋ የማይተናነስ ሴት። የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ስለሆነች ዥዋዥዌው ከጥንት አምልኮ ጋር የተነካካ ነው እየተባለች ነው ያደገችው። ምክሩን አልናቀችም፤ በመስከረም ትሳፈራለች፣ በጥቅምት ንስሐ ትገባለች። ሦስተኛው ታናሽ ወንድሟ ሲሆን ሸማኔ ነው። አራተኛው ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የሳይንስ መምህር ነበር። መምህሩ የመጀመሪያ ቀን ተሳፍሮ እንደወረደ ከዛፉ ሥር ተደፍቶ አስመለሰው፤ በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ወረፋ ይዞ አገኘነው። ያኔ የእኛ ሰው መሆኑን አወቅን።

ከአራታችን ግን እውነተኛው የዥዋዥዌ ሰው ሸማኔው ነበር። እኛ እንጫወታለን፤ እሱ ያምርበታል። ዓመቱን ሙሉ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ሲሸምን የሚውል ቀጭን ልጅ፣ እንጨቱ ላይ ሲቆም ቁመቱ ይጨምራል። ሌሎቻችን ገመዱን አንቀን ይዘን ዓይናችንን ስንጨፍን፣ እሱ ገመዱን በሁለት ጣት ያህል ነክቶ ዓይኑን ገልጦ ይሄዳል። በየመንደሩ ያወቁታል። ሲመጣ ያዩ ልጃገረዶች ወረፋቸውን ይለቁለታል፤ እኔ ወረፋ የለቀቀልኝ ሰው አላስታውስም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዓሣው ሲያልቅላት፣ ከገበያው ጀርባ ካለ ማንጎ ሥር እንሰበሰብና ወሬውን እንጀምራለን። የካምባው ገመዱ ረጅም ነው፣ ግን ቅርንጫፉ ያረገርጋል። የቦንኬው አጭር ቢሆንም ነፋሱ ከኋላ ስለሚመጣ ሰውን ያበረዋል። የዶርዜውን እሷ አትወደውም፤ “ወረፋው ብዙ፣ ተመልካቹ ብዙ፣ ዥዋዥዌው ጥቂት” ትላለች። በዚህ ስንከራከር የሰማ መንገደኛ መሬት የተካሰስን ይመስለው ነበር። የማንከራከረው ስለ እኛ መንደር ብቻ ነው። የእኛ ዝግባ የበቀለው ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ነው፤ ወደ ፊት ሲወረወሩ ከታች አባያ ቀላ ብሎ፣ ከወዲያ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድም ከዛፉ አናት ከፍታ ካልሆነ ከሜዳው ላይ አይታይም።

መምህሩ ለሥልጠና ሶቭየት ኅብረት ከርሞ የመጣ ሰው ስለነበር ሌላ ወሬም ነበረው። እዚያ ትልቅ መናፈሻ ውስጥ፣ በብረት ሐዲድ ላይ የሚሮጥ ጋሪ ተሳፍሮ ያውቃል። ጋሪው እየተንቋቋ ቀስ ብሎ ሽቅብ ይወጣል፤ ጫፍ ሲደርስ ቁልቁል ይለቀቃል፤ ይጠማዘዛል፤ መልሶ ይወጣል። ሰዉ ሁሉ ይጮኻል፤ ሲወርድ ደግሞ ሮጦ መልሶ ይሰለፋል። ይህን ወሬ ስንቴ እንዳስደገምነው እኔ አላውቅም። የመጀመሪያ ቀን ሸማኔው የጠየቀውን ግን አልረሳም።

“ሳቢዎቹ ስንት ናቸው?”

“ሰው አይስበውም፤ ሞተር ነው።”

“ሰውዬው እንዳይወድቅስ?”

“ደረትህ ላይ የብረት ዘንግ ይቆለፍብሃል።”

“በቃኝ ያለ ጊዜ ማን ይሰማዋል?”

“ማንም አይሰማህም። ዙሩ ሲያልቅ ራሱ ይቆማል።”

ሸማኔው ጥቂት አሰበና “እንግዲህ ጋሼ፣ ጋሪዋ ናት የተጫወተችብህ” አለው። መምህሩ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ይህን ያለው የእኛ ዥዋዥዌ ሕግ ስላለው ነው። ከመቆሚያው እንጨት ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን የቃጫ ገመዶች ይታሰራሉ፤ ሁለት ሳቢዎች በግራና በቀኝ ቆመው እየሳቡ ይለቁታል። የሳቡት ሰዎች ተሳፋሪው እስኪወርድ ድረስ አይቀየሩም፤ ሳቢ ተቀየረ ማለት ወረፋው አለቀ ማለት ነው። ተሳፋሪውን ደግሞ፣ ራሱ በአፉ “በቃኝ” እስኪል ድረስ፣ አባቱም ቢሆን ውረድ አይለውም። በግድ የወረደ ሰው ካለ የዚያ ዓመት ገብስ በውርጭ ይመታል ይባላል። መምህሩ ይህን ሲሰማ ፈገግ ብሎ ነበር። እኔም አላምንበትም እላለሁ፤ ግን በዕድሜዬ አንድ ሰው ውረድ ብዬ አላውቅም።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። የመንደራችን ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሰው ሰብስቦ ስም ጠራ። በመጀመሪያው ዙር የተጠሩት ወደ ሰሜን ሄዱ፤ ከእነሱ አንድም አልተመለሰም፣ የሞቱበትም ቦታ አልታወቀም። ከሄዱት አንዱ የሊቀመንበሩ የበኩር ልጅ ነበር። ይህን የምጽፈው ሰውዬው እንዲታዘንለት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። በሁለተኛው ዙር የሸማኔው ስም ተጠራ። እሱ ግን ከስብሰባው ሜዳ ወጥቶ ወደ ቀርከሃው ገባና ጠፋ።

ሁለት ዓመት ተደበቀ። ዛሬ አክስቱ ዘንድ፣ ነገ የማያውቀው ሰው ጎተራ ውስጥ፣ ከነገ ወዲያ ጫካ። እህቱ ዓሣ ሸጣ ባገኘችው ጨውና ድር እየገዛች ትልክለታለች፤ በደረሰበት ቤት ለባለቤቶቹ እየሸመነ ይበላል። የእኛ የማንጎ ሥር ወሬም ቀዘቀዘ። ሦስት ሆነን ቁጭ ስንል ስለ ካምባና ስለ ቦንኬ ማውራት ያሳፍራል። ደግሞም የሚወራ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሊቀመንበሩ ዥዋዥዌው ጎጂ ልማድ ነው ብሎ ገመዱን በገጀራ አስቆርጦ ሁለት መስቀል ከለከለን። ልጅ ሳለ ከወረፋው ጠፍቶ የማያውቅ ሰው ነው እንግዲህ።

በሦስተኛው መስቀል፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ዥዋዥዌ ይሰቀል አለ። እንዲያውም ቃጫ ከራሱ ጓሮ ሰጠ። ከጅብ ቆዳ የተሠራ ከበሮ ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው ይባል የለ? መንደሩ ተደሰተ። ዓሣ ነጋዴዋ ግን ወሬውን ስነግራት የያዘችውን አምባዛ ሰሌዳው ላይ ጣለችው።

“ይሄ ሰውዬ ለመንደሩ አይደለም የሰቀለው” አለችኝ። “ለወንድሜ ነው።”

እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። በማግስቱ እንዳይመጣ ብለን ላክንበት። መልሱን ያመጣችው ራሷ ናት፤ ጨው ልታደርስለት ሄዳ አግኝታው ነበር። ገበያ መሀል ቆማ፣ እጇ በዓሣ ደም ርሶ፣ ፊቷን በክንዷ እየጠረገች ነገረችኝ። “ሁለት ዓመት እንደ አይጥ ኖርኩ፤ አንድ ቀን እንኳ ሰው ልሁን አለኝ። ለመንኩት፤ አለቀስኩበት። አንቺ ንስሐ ትገቢያለሽ፣ እኔስ ምን ልግባ አለኝ።” ሳቅና ለቅሶዋ አንድ ላይ መጣባት። እኔ በጣም ተናደድኩ፤ በእሱም፣ በሊቀመንበሩም፣ በዥዋዥዌውም። አንድ ገመድና አንድ እንጨት ይህን ያህል ሰው ውስጥ መግባቱ አበሳጨኝ።

አንድ ተስፋ ነበረን። የእኛ አገር ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከተንበረከኩ ማንም አልፏቸው አይሄድም፤ ለድብድብ የወጡ ሁለት መንደሮች እንኳ በዚያ ሣር ይመለሳሉ። የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂዎችም የእኛው ገበሬዎች ናቸው፣ ሊቀመንበሩም የእኛው ሰው ነው። በመስቀል ሜዳ ላይ ሽማግሌ አይጠፋም፤ ነገር ከመጣ ሣር ይነጫል፣ ልጁም ይተርፋል ብለን ነበር። ያን ቀን ጠዋት ደርሰን ሜዳውን ብንቃኝ አንድ ሽማግሌ የለም። ሊቀመንበሩ በሌሊት አስነስቶ ሁሉንም ወደ ጨንቻ ለስብሰባ ሰዷቸዋል። በመስቀል ስብሰባ ምን ይሉታል? ከታጣቂ በፊት ሽማግሌን ማስወገድ እንዳለበት የሚያውቅ ከመሀላችን የወጣ ሰው ብቻ ነው።

ሸማኔው ከሰዓት በኋላ መጣ። ቡሉኮ ተከናንቦ ከቀርከሃው መሀል ወጣና ቀጥ ብሎ ወደ ዛፉ ሄደ። ከስቷል፤ ጺሙ አድጓል። ልጃገረዶቹ ሲያዩት ዘፈናቸው ተቋረጠና መልሶ ቀጠለ፤ ተራዋ የደረሰው ልጅ ገለል አለችለት። እህቱ ሮጣ ክንዱን ያዘችው። “ተመለስ” አለችው፣ “ሽማግሌ የለም። ሜዳውን ሁሉ ዞሬ አየሁ።” እሱ ቡሉኮውን አውልቆ እጇ ላይ አኖረላትና “አንድ ጊዜ ብቻ” አላት። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ ገመዶቹን አመለከተን። መምህሩ ግራውን ያዘ፣ እኔ ቀኙን። ምን ልበል ታዲያ? ከእንጨቱ ላይ ወጥቷል፣ ወረፋው የእሱ ነው።

ሳብነው። በሦስተኛው ላይ ከፍ አለ፤ በአምስተኛው ከሸንተረሩ አልፎ ሐይቆቹ ላይ ወጣ። ጺም ያበቀለውን ያን ከሲታ ሰው እንጨቱ እንደገና አረዘመው። ሕዝቡ አንድ ላይ “ዮ” ብሎ በደስታ ጮኸ። እኔ በዚያች ቅጽበት፣ ምን እንደሚመጣ እያወቅኩ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ደስታ ሲሰማኝ ትንሽ እፈራለሁ።

ታጣቂዎቹ ከእንሰቱ ጀርባ ወጡ። ሜዳውን ከበቡ። ሊቀመንበሩ ከኋላ መጣ፤ ጋቢውን እያስተካከለ፣ ሳይቸኩል። ዘፈኑ ቆመ። እኔና መምህሩ መሳባችንን አላቆምንም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ይሁን፣ አላውቅም፤ እጃችን ብቻውን ይሠራ ነበር። ከታጣቂዎቹ አንዱ፣ ወጣቱ፣ ወደ ዛፉ ተጠጋ። አንዲት አሮጊት ተቀምጣ ሳለች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ “የዘንድሮ ገብስህን አትፈልገውም?” አለችው። ልጁ ቆመ። የታጣቂዎቹን አለቃ አየ፤ አለቃው ሊቀመንበሩን አየ።

ሊቀመንበሩ ወደ ላይ ተመለከተ። ሸማኔው በላዩ ላይ አልፎ ሲመለስ ዓይኑ ተከተለው። አውርዱት ብሎ የሚያዝ መስሎኝ ነበር። ካድሬ ነው፣ ስለ ውርጭና ስለ ገብስ ያሉትን ሁሉ በስብሰባ ሲያጣጥል ሰምተነዋል። “ይጨርስ” አለና ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ታጣቂዎቹም ተቀመጡ።

ከሁላችን ቀድማ የገባት እህቱ ናት። በእንጨቱ ላይ እስካለ ድረስ አይነኩትም፤ ሽማግሌዎቹ ከጨንቻ ከደረሱና ሣር ይዘው ከተንበረከኩ ደግሞ ከወረደም በኋላ አይነኩትም። ቡሉኮውን ለአሮጊቷ ሰጠች፣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፣ ሮጠች። ማንም አላስቆማትም። ሴት እያለቀሰች ከሜዳ ብትወጣ ማን ልብ ይላል?

ሸማኔው በመሀላችን ሲያልፍ ጠየቀ። “እህቴስ?”

ተመልሶ ሲመጣ መለስኩለት። “ጨንቻ ሄዳለች። ሽማግሌ ልታመጣ።”

እንደገና ሲያልፍ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። በሚቀጥለው ግን ሳቀ። “ስቡ እንግዲህ” አለን።

ሳብን። ከሜዳው ላይ የጨንቻው መንገድ አይታይም ብያለሁ፤ የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲያልፍ መምህሩ “ይታያል?” ይለዋል፤ ሲመለስ “ገና” ይለናል። መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር። ሕዝቡም ገባው፤ ሴቶቹ ዘፈኑን መልሰው አነሱት፣ አሮጊቷ ታጨበጭባለች። ሸማኔውም ለእነሱ ሲል አንድ እጁን ይለቃል፣ ይቀመጣል፣ ይነሣል። የካምባው እንዲህ አልነበረም እያለ እያለፈ ይቀልድብናል። ከታጣቂዎቹ አንዱ እንኳ ፈገግ ሲል አየሁት፤ ሰውየው እኮ የአጎቴ ልጅ ነው።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ዘፈኑ ደከመ። ሰው የቤቱ ከብት አለው፣ የታመመ አለው፤ አንድ በአንድ ሄደ። የቀሩት እዚያው ተቀመጡ። መዳፌ መጀመሪያ ሞቀኝ፣ ቀጥሎ አቃጠለኝ፣ ኋላም እርጥብ ሆነ። መምህሩ ጠመኔ እንጂ የሳቢ ገመድ ይዞ የማያውቅ ሰው ነው፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ከንፈሩን ነክሶ ይስባል። አንዴ ወደ እኔ ዞሮ በሹክሹክታ “ዝቅ አድርገን እንሳበው፣ እንዳይቆም ብቻ” አለኝ። ዝቅ አደረግነው። ዝቅ ሲል ግን መንገዱ አይታየውም። “ከፍ አድርጉኝ፤ አላይም” አለን። መልሰን ከፍ አደረግነው።

“ይታያል?”

“ገና።”

ሊቀመንበሩ ከተቀመጠበት አልተነሣም። አንድ ጊዜ ወደ እኔ አንገቱን ነቅነቅ አደረገ፤ አይዞህ ማለቱ ይሁን በቃህ ማለቱ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ያን ጊዜ ገመዱን ጥዬ ብነክሰው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ገመዱን መጣል አይቻልም።

ከዚያ ጉሙ ከቆላ በኩል ወጣ። በእኛ አገር ጉም ሲመጣ አያስጠነቅቅም። ሐይቆቹን ሸፈነ፣ ሸንተረሩን ሸፈነ፤ ሸማኔው ወደ ፊት ሲሄድ ነጩ ውስጥ ይጠፋል፣ ሲመለስ ልብሱ ርሶ ይወጣል። መምህሩ “ይታያል?” ማለቱን ትቶ ነበር። እኔ አንድ ጊዜ ጠየቅኩ። ሲመለስ እኛን ነበር የሚያየው። መምህሩ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ይስብ ነበር፤ መነሣት አልቻለም። የእኔን ገመድ ደግሞ ከእጄ እስከ ክንዴ ደም ነክቶታል።

ጉሙ ውስጥ ገባ፣ ወጣ። “በቃኝ” አለ።

የተናገረው በተራ ድምፅ ነው፤ ምግብ ቀርቦለት ጠግቤአለሁ እንደሚል ሰው። እኔ ያልሰማሁ መስዬ ሳብኩ። መምህሩም ሳበ። ሁለት ጊዜ ወሰድነው፤ ሁለት ጊዜ መለስነው።

“በቃኝ አልኩ እኮ” አለ። “ደከማችሁ።”

ገመዱን ለቀቅን። ዥዋዥዌው በራሱ ቀስ እያለ ቆመ፤ ይህም ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ ታጣቂዎቹም እግሩ መሬት እስኪነካ ጠበቁ። ወረደ። መምህሩን ክንዱን ይዞ አነሣው። የታጣቂዎቹ አለቃ ቡሉኮውን ከአሮጊቷ ተቀበለና ትከሻው ላይ ጣል አደረገለት፤ ብርድ ነበር። ገመድም ካቴናም አላወጡም። በመሀላቸው አድርገው ወደ አርባ ምንጭ በሚወርደው መንገድ ይዘውት ሄዱ። ጥቂት እርምጃ ብቻ ታዩን፤ ጉሙ ነው።

እህቱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ስትደርስ ሜዳው ላይ የነበርነው እኔ፣ መምህሩና አሮጊቷ ነን። ሽማግሌዎቹን ስብሰባው እስኪያበቃ ከአዳራሽ አላስወጧቸውም፤ በር ላይ ቆማ ስትጮህ ቆይታ ነበር። እነዚያ ሽማግሌዎች በዚያ ዕድሜያቸው ዳገቱን እየሮጡ መጥተዋል። ሁሉም እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘዋል፤ መንገድ ላይ ነው የነጩት። የሚሰጡት ሰው አልነበረም። እሷ አልጮኸችም። ዛፉ ሥር ሄዳ እንጨቱን በእጇ ያዘችና ቆመች።

አልተመለሰም። ከማሠልጠኛው አንድ ጊዜ በሰው ሰላምታ ላከ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም። መንግሥት ተለውጦ የተበተነው ሠራዊት በእግሩ ወደ አገሩ ሲገባ እህቱ ወራት ሙሉ መናኸሪያ እየዋለች የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊቱን ታይ ነበር። ዓሣ መሸጧን ትታ ነበር ማለት ይቻላል። ስለ ዥዋዥዌ ያወራ ሰው በፊቷ አልነበረም። መምህሩ ወደ አገሩ ተዛወረ፤ ሲሰናበተኝ ስለ ሌላ ስለ ሌላ ነገር አወራን። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ተሳፍሬ አላውቅም። ንስሐ ገብቼ አይደለም፤ ዛፉን ሳይ ንዴት ይይዘኛል፣ በቃ።

ያን መስቀል ግን እንዴት እንዳበቃ ልጨርስ። በእኛ ደጋ መስቀል ከመሸኘቱ በፊት የተጣላ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ በዓሉን የሚያሳልፍ ሰው እርሻው አይባረክም። ሽማግሌዎቹ ለልጁ ይዘውት የመጡት ሣር አልሠራም፤ አሁን ሌላ ሣር ነጩና ለሊቀመንበሩ ይቅርታ ሊለምኑለት መጡ። መጀመሪያ እሷ ዘንድ ሄዱ። የአባቷ እኩዮች ደጇ ላይ ተንበረከኩ። ሽማግሌ ተንበርክኮ እምቢ የሚል ሰው ከቤታቸው ወጥቶ አያውቅም፤ ሣሩን ተቀበለች። ያን ዕለት ምንም አልቀመሰችም።

ከዚያ እኔ ቤት መጡ። እኔ ሰው ቶሎ ይቅር የምል አይደለሁም፤ እናቴም ስትወቅሰኝ የኖረችው በዚህ ነው። “ይህን ሣር ልጁ በነበረበት ቀን ብትይዙት ኖሮ” አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ፤ አልተነሡም። ጭቃው ላይ ነው የተንበረከኩት። ከመሀላቸው ትልቁ ጉልበቱ የታመመ ሰው ነበርና በእጁ መሬት ሲደገፍ ሳየው እምቢ ማለት አቃተኝ፤ ሣሩን ተቀበልኩ።

ሊቀመንበሩ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። ቀረበና እጁን ዘረጋ። ጨበጥኩት፤ መዳፌ ገና አልሻረም ነበርና ስጨብጠው ሳልፈልግ አቃሰትኩ። እሱም ተሰማው። እጄን ሳይለቅ ገልብጦ፣ ገመዱ የላጠውን ቦታ ዝቅ ብሎ አየው። ፊቱ ላይ ክፋት አላየሁበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

“ቅቤ ቅባበት” አለኝ።